መለኪያ ስንት ይይዛል? ለወጥ ቤትም ለኮክቴልም የምትሆን ትንሽ መለኪያ አመራረጥ

ባሕር ዳር ውስጥ «መለኪያ» ካላችሁ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው አረቄ ነው። «አንድ መለኪያ ስጪኝ» ሲባል ስንት ሚሊ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ጠይቄ አውቃለሁ። ዓባይ ማዶ አንዲት እናት ቤት ገብቼ «እማማ፣ መለኪያዎ ስንት ይይዛል?» ብላቸው «አንድ መለኪያ ነዋ ልጄ! ስንት ሊይዝ ኖሯል?» አሉኝ። አስፈቅጄ ከመደርደሪያቸው ሦስት መለኪያ አወረድኩና በኪሴ በያዝኩት ሲሪንጅ ውሃ እየጨመርኩ ለካሁ። አንዷ 34፣ ሁለተኛዋ 40፣ ሦስተኛዋ 47 ሚሊ ያዘች። ዋጋቸው አንድ ነው። እማማ ሳቅ አሉና «ለየትኛው ደንበኛ የትኛዋ እንደምትገባ እኔ መች አጣሁት!» አሉ።

አረቄ ብቻውን ስለሚጠጣ ጥቂት ሚሊ ቢያንስ ቢበዛ ጣዕሙ ያው ነው። ነገር የሚበላሸው ሁለት ሦስት ነገር ሲቀላቀል ነው። እኔ ጣና ዳር ካለች ትንሽ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጭማቂና ኮክቴል እሠራለሁ፤ ቤቴ ስገባም የማበስለው እኔው ነኝ። ለሁለቱም የምትሆን አንዲት መለኪያ ፍለጋ ብዙ ብር አባክኛለሁ፤ መሳቢያዬ ውስጥ የተኙት ስድስት የማይረቡ መለኪያዎች ምስክሮቼ ናቸው። ሰባተኛዋ ግን ይኸው ሦስት ዓመቷ። እናንተ ከሰባተኛዋ እንድትጀምሩ ያህል እንዴት እንደመረጥኳት ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የምትለኩትን ጻፉ

ወረቀት አውጡና በሳምንት ውስጥ በትንሽ በትንሹ የምትለኩትን ፈሳሽ ሁሉ ከነመጠኑ ዘርዝሩ። የእኔ ዝርዝር ላይ የሰላጣ ሎሚና ዘይት፣ የዓሣ መዘፍዘፊያ አቼቶ፣ የኬክ ወተትና ቫኒላ፣ የብርዝ ማር፣ የኮክቴል ጂንና ሎሚ ነበሩ። ከ10 ሚሊ ያነሰው ቫኒላ ብቻ፣ ከ60 ሚሊ የበለጠው ደግሞ ወተት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በሙሉ በ10 እና በ60 መካከል ነው። የእናንተም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

እንግዲያው የምትፈልጓት 60 ሚሊ የምትይዝ፣ ቢያንስ 15፣ 30 እና 45 ላይ ምልክት ያላት መለኪያ ናት። 20 ላይም ካላት እሰየው። ከ10 በታች ለሆነው 5 ሚሊ የምትይዝ የመለኪያ ማንኪያ ወይም ሲሪንጅ ይሻላል። ከ60 በላይ ለሆነው ባለ 250 ሚሊ ጆግ አለ። በዚያ ጆግ 15 ሚሊ ሎሚ ለመለካት መሞከር ግን ድካም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መስመር 50 ላይ ይጀምራል።

የቡና ሲኒስ? እናቶቻችን «አንድ ሲኒ ዘይት» እያሉ ሲያበስሉ ኖረዋል፤ ወጡም አልተበላሸም። የማይበላሸው ግን ሲኒዋ አንድ እስከሆነች ድረስ ነው። ቤቴ ካሉት ሁለት ዓይነት ሲኒዎች አንዱ 62፣ ሌላው 80 ሚሊ ይይዛል። ከጎረቤት የተቀበላችሁት አሠራር በእናንተ ሲኒ አልሆን ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

2. ቅርጹን እዩ፦ ቀጭንና ረዥም

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው፤ ሱቅ ውስጥ ማንም የማያየው እሱን ስለሆነ።

ፈሳሽ ስንሞላ ዓይናችን የሚስተው በከፍታ ነው። ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር እንበልጣለን ወይም እናንሳለን፤ ከዚያ የተሻለ ዓይን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ያቺ 1 ሚሊ ሜትር ስንት ፈሳሽ እንደምትሆን የሚወስነው የመለኪያዋ አፍ ስፋት ነው። አፏ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስህተቱ 1.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አፏ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሚሊ፣ ማለትም ሙሉ የሻይ ማንኪያ ይሆናል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 15 ሚሊ ሎሚ በምትሉበት ቦታ የ5 ሚሊ ስህተት መጠጡን ሌላ መጠጥ ያደርገዋል።

ስለዚህ ሁለት መለኪያ እኩል 60 ሚሊ የሚይዙ ከሆነ ቀጭኗንና ረዥሟን ያዙ። የባር ሰዎች ጂገር የሚሏት፣ ሁለት ኩባያ ቂጥ ለቂጥ የተጣበቁባት መለኪያ በሁለት ዓይነት ትመጣለች፤ አጭርና አፈ ሰፊ የሆነችው፣ እና «የጃፓን» የምትባለው ቀጭኗ። እኔ የጃፓኗን እመርጣለሁ። አንድ ጉድለት ግን አለባት፤ ቂጧ ጠባብ ስለሆነ ባንኮኒ ላይ በክንድ ትገለበጣለች። ልጅ ባለበት ወጥ ቤት ወይም ሩጫ በበዛበት ቤት መቀመጫዋ ሰፋ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ስፋቷ እኩል የሆነ አንድ አፍ ያላት መለኪያ ትሻላለች። ባለ ሁለት አፏ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለባት፤ ከአንዱ በኩል ማር ለክታችሁ ወዲያው ስትገለብጧት የቀረው ማር ባንኮኒው ላይ ይንጠባጠባል።

ከታች ጠብባ ወደ ላይ የምትሰፋ ከሆነች «ግማሽ» የሚለውን ቃል እርሱት። ፍጹም ሾጣጣ የሆነ ዕቃ እስከ ቁመቱ ግማሽ ሲሞላ የሚይዘው ከሙሉው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። 60 የሚይዝ ቢሆን 30 ሳይሆን 7.5 ሚሊ ማለት ነው። እውነተኛውን ግማሽ ለማግኘት እስከ ቁመቱ አራት አምስተኛ አካባቢ መሙላት ያስፈልጋል። የገበያ መለኪያዎች ቂጣቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነገሩ እዚህ ድረስ አይከፋም፤ ቢሆንም ከውስጥ መስመር የሌላትን አፈ ሰፊ መለኪያ በግምት «ግማሽ አድርጌያት ነው» የሚል ባርማን ካያችሁ ራሱን እያታለለ ነው።

3. ቁጥሩ ምን እንደሚል አንብቡ

መለኪያ ላይ 20/40፣ 25/50፣ 30/60 የሚል ታገኛላችሁ። ልዩነቱ የመጣው ከየአገሩ ልማድ ነው። እንግሊዝ አገር ጂን፣ ሮም፣ ቮድካና ውስኪ በ25 ወይም በ35 ሚሊ እንዲሸጥ ሕግ አለ። ጀርመኖች በ20 እና በ40 ይቀዳሉ። አሜሪካኖች በአውንስ ይቆጥራሉ፤ የእነሱ አንድ አውንስ 29.6 ሚሊ ነው፤ ስለዚህ 30/60 የምትለዋ ለአሜሪካ አሠራር ትመቻለች። የእንግሊዙ አውንስ ደግሞ 28.4 ነው። ወደ እኛ ገበያ ሁሉም ተደባልቆ ስለሚገባ ሁለት ጎን ለጎን የተደረደሩ ጂገሮች መልካቸው አንድ፣ ልካቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለቤት 30/60 ግዙ። 15 ሚሊ የአንድ፣ 30 ሚሊ የሁለት የሾርባ ማንኪያ ልክ ስለሆኑ ለምግብም ይሆናሉ፤ ከኢንተርኔት የምታገኙት አሠራር «2 የሾርባ ማንኪያ» ካለ 30 ሚሊ ብላችሁ ትገላገላላችሁ። የአውስትራሊያ አሠራር ከሆነ ግን የእነሱ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ነው።

መስመሩ የት እንዳለም እዩ። ከውስጥ የተቀረጸ መስመር ይሻላል። ከውጭ በቀለም የታተመው ቁጥር በስድስት ወር ውስጥ በሳሙናና በሽቦ ታጥቦ ይሄዳል፤ ከስድስቱ የመሳቢያ ነዋሪዎች ሁለቱ ቁጥራቸው ጠፍቶ ነው ጡረታ የወጡት። መስታወትና ፕላስቲክ ከሆነች መስመሩ ከውጭ ቢሆንም ስለሚያሳይ ግድ የለም፤ ግን በጥፍራችሁ ፈገፍጉት።

ሌላው ጥያቄ 60 የተባለው እስከ ጠርዝ ነው ወይስ ከጠርዝ በታች ባለው መስመር? ከጠርዝ ዝቅ ያለ መስመር ያላትን ምረጡ። እስከ ጠርዝ የምትሞላ መለኪያ ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ እስክትደርስ ትፈስሳለች። ደግሞም ውሃ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወዲያው አይፈስም፤ እንደ ጉልላት አብጦ ይቆማል፤ ያ እብጠት ብቻውን አንድ ሚሊ እና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

4. ከምን ተሠራች?

የእኛ ነገር ሁሉ ሎሚ አለበት። ከዘጌ የሚመጣውን ሎሚ ዓሣው ላይም፣ ሻዩ ላይም፣ ኮክቴሉም ላይ እንጨምቀዋለን። ስለዚህ ኮምጣጣ የማይበላው ነገር ያስፈልጋል። ጥሩ ስቴንለስ ከሁሉ ይሻላል። አሉሚኒየምን ሎሚና አቼቶ ይበሉታል፤ ፈሳሹም ብረት ብረት ይላል። ውስጧ ያልተለበጠ የመዳብ መለኪያ ለዓይን ታምራለች፤ ለሎሚ ግን አትሁን፤ ኮምጣጣ መዳብን ያሟሟል። መስታወት ንጹሕ ነው፣ ያሳያል፣ ይሰበራል። ፕላስቲክ ከገዛችሁ የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ እንደሚይዝ አስቡ፤ ጠዋት ለአዋዜ የለካችሁባት መለኪያ ማታ ጂኑን ታሸትተዋለች።

5. ሱቅ ውስጥ ውሃ ጠይቁ

ቅዳሜ ገበያ የዕቃ ተራ ውስጥም ሆነ በየሱፐርማርኬቱ ስትገዙ አትፈሩ፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። «ወንድሜ፣ ውሃ ላድርግባት?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ ግር ብሎት ቢያያችሁም አብዛኛው እንቢ አይልም። እስከ መስመሯ ሙሏትና ወደ ጠርሙሱ አፍ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ውሃው ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥሩ። በከንፈሯ ዞሮ በሆዷ ላይ ወደ ክርናችሁ ከወረደ አስቀምጧት፤ ከለካችሁት ላይ በየጊዜው ጥቂቱ በመለኪያዋ ሆድ ላይ ይቀራል። ጠርዟ ወፍራምና ድቡልቡል ከሆነ እንዲህ ታደርጋለች፤ ቀጭን ወይም ትንሽ ምንቃር ያለው ይሻላል። በጣታችሁም ጠርዙን ዳስሱ፤ ርካሽ ቆርቆሮ ይቆርጣል።

የጂገሯን ወገብም ጠምዘዝ አድርጉ። ሁለቱ ኩባያዎች የተያያዙበት ቦታ ክፍተት ካለው ውሃ ይገባበትና ከወር በኋላ መሽተት ይጀምራል።

6. ቤት ስትገቡ ፈትኗት

ቁጥሩ ስለተጻፈ እውነት ነው ማለት አይደለም። 30/60 የሚል የተቀረጸባት አንዲት ጂገር ገዝቼ ነበር። ለእንግዳ የማቀርበው መጠጥ 60 የማር ውሃ በ30 ሎሚ ነበርና በትንሹ አፍ ሎሚውን፣ በትልቁ አፍ የማር ውሃውን እለካለሁ። መጠጡ ሁልጊዜ ይኮመጥጣል። «ሎሚሽ ዘንድሮ ምን ነካው?» እያልኩ ሎሚ የምታመጣልኝን ልጅ ስነዘንዛት ከረምኩ። እሷም «ሎሚ ነው፤ ምን እንዲሆንልህ ነው?» ትለኛለች። አንድ ቀን ሲሪንጅ አንስቼ ብለካው ትንሹ አፍ ልክ 30፣ ትልቁ አፍ ግን 50 ነው። ይቅርታ ጠይቄ ቡና ጋበዝኳት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱንም በአንድ አፍ ለክቼ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ ማር ውሃ አንድ ጊዜ ሎሚ፣ መለኪያዋ ብትሳሳትም ጣዕሙ ልክ ይሆን ነበር፤ ድርሻው አይዛባምና። የሚያስቸግረው ሁለት የተለያዩ ልኮች ሲገናኙ ነው፤ ትልቁና ትንሹ አፍ፣ ወይም መለኪያና ማንኪያ። መፈተኛ እስክታገኙ ድረስ ሁሉንም በአንድ አፍ ብቻ ለኩ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ግዙ። መለኪያዋን አድርቃችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ በእጃችሁ አትያዟት። ሲሪንጁን በውሃ ሙሉ፣ ወደ ላይ አቁማችሁ በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ አየሩን አስወጡና ልክ 10 ላይ አድርሱት። ሦስት ጊዜ ጨምሩ። አሁን 30 ሚሊ አለ። ዝቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ከውሃው ጋር አስተካክሉ። ከላይ ወደ ታች ካያችሁ ይሸውዳችኋል። ውሃው በግድግዳው ላይ ትንሽ ወጥቶ መካከሉ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው ታች ነው። በስቴንለስ ውስጥ ይህን በጎን ማየት ስለማይቻል ውሃው የ30ውን መስመር ልክ መንካቱን እዩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙ፤ አንዴ የተሳሳተ እጅ ሊኖር ይችላል።

ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ደግሞ ይቀላል፤ 1 ሚሊ ውሃ 1 ግራም ነው። መለኪያዋን ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት፣ እስከ መስመሩ ሙሉ፣ ግራሙን አንብቡ። ይህ የሚሠራው ለውሃ ብቻ ነው። ማር ከባድ ነው፤ 30 ሚሊ ማር 42 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዘይት ቀላል ነው፤ 30 ሚሊው 27 ወይም 28 ግራም ነው። በማር ፈትኖ «ይቺ መለኪያ ታበዛለች» ያለኝ ወዳጅ አለኝ።

30 የተባለው ከ29 እስከ 31 ከሆነ ተቀበሉት። ከዚያ ከወጣ መልሱ፤ መመለስ ካልተቻለ እንደ እኔ እውነተኛውን ቁጥር በማይለቅ ማርከር ሆዷ ላይ ጻፉባት። የእኔዋ ጂገር «50» ተብላ ዛሬም ለዘይት ታገለግላለች።

መግዛት ካልፈለጋችሁም ቤት ያለችውን የአረቄ መለኪያ በዚሁ ሲሪንጅ ለክታችሁ 15፣ 30 ላይ ከውጭ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምሩባት። ጥፍር ቀለም ከማርከር ይልቅ ሳሙና ይችላል። መስመሩን ስታሰምሩ ብርጭቆዋን አዙሩና በሁለት በኩል አድርጉት፤ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ሲመስሉ ዓይናችሁ ትክክለኛው ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው።

ከሽሮፕ ጋር የምትመጣው ትንሿ የፕላስቲክ ኩባያም ጥሩ ልክ አላት፤ ግን የመድኃኒቷን ለመድኃኒት ተዉ። የልጅ ሽሮፕም በወጥ ቤት ማንኪያ አይለካም።

7. ስትጠቀሙባት

የእኛ ሎሚ ትንሽ ነው። የውጭ አሠራር «የአንድ ሎሚ ጭማቂ» ሲል ትልቁን ቢጫ ሎሚ ማለቱ ነው፤ እሱ 45 ሚሊ ገደማ ይወጣዋል። የእኛ አንዱ እንደ መጠኑና እንደ ወቅቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ቢሰጥ ነው። ሎሚ አትቁጠሩ፤ ጨምቃችሁ፣ ፍሬውን አጥልላችሁ በመለኪያ ለኩ።

ማርን እንዳለ አትለኩ፤ ግማሹ መለኪያዋ ላይ ይቀራል። እኩል ለብ ያለ ውሃ ጨምሩበትና አማስሉት፤ ያን ጊዜ እንደ ውሃ ይወርዳል። እንዳለ መለካት ግድ ከሆነና አሠራሩ ዘይትም ካለው ዘይቱን አስቀድማችሁ ለኩ፤ በዚያው ዘይት ባረጠበው መለኪያ ማሩ ተንሸራትቶ ይወጣል።

ዱቄትና ቤኪንግ ፓውደር በዚች መለኪያ አይለካም። ለእነሱ በቢላ ጀርባ የሚስተካከል ማንኪያ ያዙ። በነገራችን ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖሩ የተጻፈ የኬክ አሠራር እዚህ ቶሎ ያብጥና መሐሉ ይሰምጣል፤ ከአንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ያህል ቀንሳችሁ ሞክሩ።

አረቄ ለኮክቴል ከተጠቀማችሁ መለኪያዋ የምትነግራችሁ ብዛቱን እንጂ ኃይሉን አይደለም። ተራ አረቄና ዳግም አረቄ በአንድ መለኪያ እኩል ይሞላሉ፤ ራስ ላይ ሲወጡ ግን እኩል አይደሉም። የፋብሪካ መጠጥ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለው ፐርሰንት ይረዳል፤ 40 በመቶ የሆነ መጠጥ 40 ሚሊ ውስጥ 12.6 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። የቤት አረቄ ግን ያለ ፐርሰንት ነውና መጀመሪያ በ20 ሚሊ ጀምሩ።

አሁን መለኪያዋን ሥራ ላይ እናውላት። ለተጠበሰ ቆሮሶ ጎን ለሚቀርብ ሰላጣ 15 ሎሚ፣ 45 ዘይት፣ ጨውና ቃሪያ፤ በክዳን ጠርሙስ አድርጋችሁ አናውጡት። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ 30 የማር ውሃ፣ 20 ሎሚ፣ በረዶ፣ ከዚያ ብርጭቆው እስኪሞላ አምቦ ውሃ። ለሚጠጣው 50 ጂን፣ 20 የማር ውሃ፣ 20 ሎሚ፤ ሼከር ከሌላችሁ ክዳኑ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ከበረዶ ጋር ይሠራል። 50ው ግር እንዳይላችሁ፤ 30 እና 20 ነው።

ቅደም ተከተሉ፣ ርካሹ ይቅደም፤ ሎሚው፣ ከዚያ ማሩ፣ መጨረሻ ጂኑ። እጃችሁ ቢስት የሚደፋው ሎሚ ይሆናል። ጂኑ መጨረሻ ሲገባ ደግሞ መለኪያዋ ላይ የቀረውን ማር አጥቦ ይዞት ይወርዳል። ስትጨርሱ በለብታ ውሃ ወዲያው አለቅልቋትና አፏን ደፍታችሁ አድርቋት፤ ማር ከደረቀባት በኋላ በሽቦ ካሻችኋት መስመሩን ታጠፉታላችሁ።